ቤዙ የት ሄደ?

አዲሱን ሄድፎን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ከአፌ የወጣው ቃል "ቤዙስ?" የሚል ነበር። ቤዝ ማለት የሙዚቃው ወፍራምና ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። የገዛሁት ድምፁ ገለልተኛ ነው፣ ከቅጂው ላይ አይጨምርም አይቀንስም ስለተባለ ነው። እኔ የሰማሁት ግን ቀጭን፣ አጥንቱ የወጣ ድምፅ ነው። ልመልሰው ፈልጌ ነበር። ካርቶኑን ጥዬው ስለነበር ተውኩት።

ለዓመታት የለመድኩት የድሮው ሄድፎን ቤዙ የተጋነነ ነው። ጆሮ ደግሞ ትክክል የሚለው የለመደውን ነው። ስለዚህ የድሮውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበትና ሳምንት ሙሉ በአዲሱ ብቻ ሰማሁ። በአራተኛው ቀን ገደማ ቤዝ ጊታሩ ከከበሮው ተለይቶ ይሰማኝ ጀመር። በድሮው ሁለቱ ተደባልቀው አንድ ጉምጉምታ ነበሩ።

ከዚያ ሙከራ ጀመርኩ። ንጹህ ቶን (አንድ ወጥ ድምፅ) ከ200 ኸርዝ እየወረደ እስከ 20 ድረስ አጫወትኩ። ኸርዝ በሰከንድ የንዝረት ብዛት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል። እስከ 60 ድረስ ደህና ነው። 40 ላይ ደከመ። ከ30 በታች ጭል ጭል ማለት ብቻ ሆነ። "ያዝኩህ!" ብዬ ነበር፣ ግን ቸኩያለሁ። የሰው ጆሮ ራሱ ለወፍራም ድምፅ ሰነፍ ነው፤ የድምፁ መጠን በተቀነሰ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ሁለት ሄድፎን ሲወዳደር የድምፃቸው መጠን እኩል ካልሆነ ጮክ ያለው ብዙውን ጊዜ ቤዝ ያለው ይመስላል። እኔ የዘፋኙን ድምፅ መለኪያ አድርጌ ሁለቱን አስተካከልኩ።

ዘፈን ብቻውን ያታልላል። ባለአራት ክር ቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኖታ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። ትንሽ የስልክ ስፒከር እዚያ አይደርስም፤ ኖታውን ግን እንሰማዋለን። ከኖታው ጋር አብረው ከሚወጡት ቀጠን ያሉ ድምፆች ተነስቶ የጎደለውን የሚሞላው አንጎላችን ነው። ቶኑን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

የሚያስቀው ቀጥሎ የመጣው ነው። 40 ኸርዝ እየሰማሁ ዓይኔን ለማሸት መነጽሬን አወለቅኩ። ቤዙ በአንዴ ሞላ! መልሼ ሳደርገው ሸሸ። የመነጽሩ ዘንግ ከሄድፎኑ የጆሮ ትራስ ሥር ክፍተት እየፈጠረ ነበር። ሄድፎኔ ጀርባው ዝግ የሆነ፣ ጆሮን አሽጎ የሚይዝ ዓይነት ስለሆነ በዚያች ቀዳዳ መጀመሪያ የሚያመልጠው ዝቅተኛው ድምፅ ነው። ያረጀ ትራስም፣ ወፍራም ፀጉርም እንዲሁ ያደርጋል። አሁን ዘንጉን ከትራሱ በላይ ከፍ አድርጌ አስቀምጣለሁ። መልክ የለውም፣ ይሠራል።

የድሮውን መልሼ ስሰማው "ቤዝ" ስለው የኖርኩት ነገር ምን እንደነበር ገባኝ። ጥልቁ ሳይሆን ከ100 እስከ 200 ኸርዝ ያለው እብጠት ነው። ይህን ለመያዝ ዘፈን አያስፈልግም፤ ወንድ ሲያወራ መስማት ይበቃል። በድሮው ሰውዬው በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል። በአዲሱ ፊት ለፊቴ ነው። ኪክ ድራሙም (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) መትቶ ያቆማል እንጂ አይጎተትም።

ይህ ሁሉ ሆኖ በኢኳላይዘር (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ለየብቻ መጨመሪያና መቀነሻ) ከ100 ኸርዝ በታች 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ጨምሬያለሁ። ማጭበርበር አይመስለኝም። ተመራማሪው ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ ሐርማን በተባለው የድምፅ ዕቃ አምራች ኩባንያ ባደረጓቸው ሙከራዎችም አብዛኛው አድማጭ ቤዙ ትንሽ ከፍ ያለውን መርጧል። ስጨምር ግን አጠቃላዩን ድምፅ በዚያው 3 ዴሲቤል እቀንሳለሁ። አለዚያ ኪኩ ሲመታ ድምፁ ይቀደዳል።