የቺካጎው ማሽን፦ ከአምስተኛው ፎቅ እስከ ሎው ጎዳና

ክላርክና ሌክ ጣቢያ ከባቡር ወርጄ ትንሽ እንደተራመድኩ የቺካጎ ማዘጋጃ ቤት ደረስኩ። የ50ዎቹ ዋርዶች (የከተማው የምርጫ ክልሎች) ተመራጮች የሚሰበሰቡት 2ኛ ፎቅ ነው፤ ስብሰባውን ማንም ገብቶ መከታተል ይችላል። የከንቲባው ቢሮ 5ኛው ላይ ነው፤ የከተማው ሰው «አምስተኛው ፎቅ» ካለ ከንቲባውን ማለቱ ነው። ሪቻርድ ጄ. ዴሊ ከ1955 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. እዚያ ሆነው ገዙ። ከ1953 ጀምሮ የኩክ ካውንቲ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሊቀመንበርም ስለነበሩ ሥራ ሰጪውም ዕጩ አቅራቢውም እሳቸው ሆኑ። ሥራና አገልግሎት እየሰጠ ድምፅ የሚሰበስበው ይህ የፓርቲ ድርጅት ነው «ማሽን» የሚባለው።

በ8 ቁጥር አውቶቡስ ሃልስቴድ ጎዳናን ይዤ ወደ ደቡብ ወረድኩ፤ ብሪጅፖርት፣ 11ኛው ዋርድ። ከ35ኛ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ዴሊ የኖሩበት ሎው ጎዳና አለ፤ የጡብ ቤቶች፣ ጠባብ ግቢዎች። ማሽኑን ለመረዳት ከማዘጋጃ ቤቱ ይልቅ ይህን ሰፈር ማየት ይሻላል፣ ሥራው ይሠራ የነበረው በየደጃፉ ነውና።

ዋርዱ እያንዳንዳቸው ጥቂት መቶ መራጮች ባሏቸው ፕሪሲንክቶች ይከፈላል። ለእያንዳንዱ አንድ ካፕቴን፣ ማለትም የፓርቲው የሰፈር ወኪል፣ ነበረው። ካፕቴኑ በር እያንኳኳ የጠፋ የመንገድ መብራት፣ የተሰበረ የቆሻሻ በርሜል፣ ሥራ የፈታ ልጅ ያለበትን ቤት ይመዘግብ ነበር፤ ጉዳዩን የዋርዱ የፓርቲ ሹም ዘንድ ያደርስ ነበር። ራሱም አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ደመወዝተኛ ነበር። ከምርጫ በፊት ስንት ድምፅ እንደሚያመጣ ቆጥሮ ለሹሙ ያሳውቅ ነበር። ቆጠራው ከውጤቱ በጣም ከራቀ እንጀራው አደጋ ላይ ነበር።

ይህን ሰንሰለት የበጠሰው በዋናነት ፍርድ ቤት ነው። ማይክል ሻክማን የተባሉ ጠበቃ በ1969 ከሰሱ፤ በ1972 በፖለቲካ ምክንያት ማባረር፣ በ1983 ደግሞ መቅጠር ተከለከለ። ዳኞች ግን አፈጻጸሙን ለአሥርት ዓመታት መቆጣጠር ነበረባቸው።

በረዶም የራሱን ሠርቷል። በ1979 ክረምት መንገዱ ሳይጠረግ ቀረ፤ ባቡሮች ጥቁሮች የሚበዙባቸውን ጣቢያዎች እየዘለሉ አለፉ። ይህ ግፍ ነበር፣ መራጩም አልረሳውም፤ ዴሊን የተኩት ማይክል ቢላንዲክ በፓርቲው ቅድመ ምርጫ በጄን በርን ተሸነፉ።

ቆሻሻ መሰብሰቡ ከዋርድ ወሰን ወጥቶ በከተማ አቀፍ ቀጠና የተደራጀው ግን በ2013 ነው። ዛሬም ሰው የሰፈር ችግር ሲገጥመው ብዙ ጊዜ የሚደውለው ለዋርዱ ተመራጭ ቢሮ ነው።