«ፋስት» ስም ነው ወይስ ግስ?

እዚህ ጎንደር የሰፈር ልጆችን እንግሊዝኛ ሳስጠና አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ይሄ ቃል ስም ነው ግስ?» ይሉኛል። መልሴ ሁሌም ያው ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን አምጡ። ለብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ቃሉን ብቻውን ነጥሎ ለሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ መልስ የለም።

ግራ መጋባቱ ከራሳችን ቋንቋ የሚመጣ ይመስለኛል። በአማርኛ ቃሉ መልኩን ይቀይራል፤ ጾመ ግስ ነው፣ ጾም ስም ነው፣ ጾመኛ ደግሞ የሚጾመው ሰው ነው። ግሱም አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ለመለየት አይከብድም። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ዓይነቱን ምልክት በዘመናት ውስጥ በብዛት ጥሎታል፤ ስለዚህ የቃሉን ሥራ የሚነግረን የተቀመጠበት ቦታ ነው።

«ፋስት»ን እንይ፤ ጾምም ፈጣንም ማለት ይሆናል። «ዘ ፋስት ኢዝ ሎንግ» ስንል ስም ነው፤ ፊቱ «ዘ» አለ። «ዊ ፋስት ኦን ፍራይደይ» ላይ ግስ ሆነ፣ ባለቤቱ «ዊ» ነውና። «ኤ ፋስት ባጃጅ» ላይ ባጃጁን ይገልጻል፣ ቅጽል ነው። «ሂ ድራይቭስ ፋስት» ላይ ደግሞ አነዳዱን ስለሚናገር ተውሳከ ግስ ነው። አንድ ፊደል ሳይለወጥ አራት ሥራ! ልጆቹ በዚህ በመጨረሻው ምሳሌ ላይ «ፋስትሊ» ማለት ይቀናቸዋል፤ «ሊ ካለው ተውሳከ ግስ ነው» ተብለው ስለተማሩ። እንዲህ የሚባል ቃል ግን በዛሬው እንግሊዝኛ የለም። ደግሞ «ፍሬንድሊ» እና «ላቭሊ» ሊ እያላቸው ቅጽል ናቸው፣ «ፋሚሊ» ስም ነው።

ፒያሳ ሱቆች በር ላይ የምናየውንም ጽሑፍ ልብ በሉ። በአንዱ ገጽ «ኦፕን»፣ በሌላው «ክሎዝድ»። አንዱ «ድ» ኖሮት ሌላው ለምን ተነፈገ? (ይሄን የጠየቀችኝ ልጅ ጎበዝ ናት።) «ኦፕን» ግስም ቅጽልም ሆኖ ስለሚያገለግል በሩ ክፍት መሆኑን ለመናገር ምንም አይጨመርበትም። «ክሎዝ» ግን ዝግ ለሚለው ቅጽል አይሆንም፤ በቅጽልነቱ ያለው ትርጉም ቅርብ ነው፣ ያኔማ የሚነበበውም «ክሎስ» ተብሎ ነው። ስለዚህ ከግሱ «ክሎዝድ» ተሠርቶ የቅጽሉን ቦታ ያዘ።

ፋሲል ግቢን ለእንግዳ የሚያስጎበኙ ወጣቶች «ስቶን ካስል» (የድንጋይ ግንብ) ሲሉ ደግሞ «ስቶን» የቆመው ቅጽል የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ስምነቱን አልለቀቀም። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ፊቱ «ቬሪ» (በጣም) አስገቡ፦ «ቬሪ ፋስት» ይባላል፣ «ቬሪ ስቶን» አይባልም። ይሄ ፈተና ለሁሉም ቅጽል ባይሠራም ከስም ጋር ለሚምታቱብን አብዛኞቹ ይበቃል።

እኔን የሚያናድደኝ ልጆች «ዎተር ስም ነው፣ ራን ግስ ነው» እያሉ ዝርዝር እንዲሸመድዱ መደረጉ ነው። «ዎተር ዘ ፍላወርስ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ምን ሊመልሱ ነው? አበባውን ውኃ አጠጣ እየተባለ ስም ብለው ያከብባሉ፣ ነጥብም ያጣሉ። ልጅ የምታስጠኑ ካላችሁ ዝርዝሩን ተዉትና በ«ባክ» ጀምሩ፦ «ማይ ባክ»፣ «ዘ ባክ ዶር»፣ «ካም ባክ»፣ «ዊ ባክ ዩ»። አራቱንም ራሳቸው ይለዩ፣ ለምን እንደዚያ እንዳሉም ይንገሯችሁ።