የሣር ላይ ቡናማዋ ቢራቢሮ

ዛሬ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሣሩ ላይ ቱር ቱር የምትለዋን ቡናማ ያየ ሁሉ «የእሳት እራት ናት» ሲል ዋለ። አይደለችም፤ ቢራቢሮ ናት! ፎቶ አንሷትና አጉልታችሁ አንቴናዋን እዩት፤ ጫፉ ወፈር ብሎ እንደ መንጠቆ ይቆለመማል። ዓይኖቿ የተራራቁ፣ ደረቷ ደንደን ያለ ነው። ፀሐይ ስትሞቅ የፊት ክንፎቿን ገርበብ አድርጋ የኋላዎቹን ትዘረጋለች።

ስም ለመስጠት ግን አትቸኩሉ። ፔሎፒዳስና ቦርቦ የሚባሉት የቢራቢሮ ወገኖች ክፉኛ ይመሳሰላሉ። የፔሎፒዳስ ወንድ የፊት ክንፉ ላይ፣ ነጫጭ ነጥቦቹ አጠገብ፣ ሰያፍ መስመር አለው፤ የቦርቦ ወንድ በአብዛኛው የለውም። ሴት ከሆነች ጣጣ ነው። ክንፍ ሲያረጅ ደግሞ የሸፈነው ደቃቅ ቅርፊት ስለሚረግፍ ምልክቱ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ የክንፉን ላይኛውንም ታችኛውንም ገጽ ፎቶ አንሱ።

እጯ የሣር ቅጠል በሐር ክር ጠቅልላ ውስጡ ነው የምትኖረው።