ኪራዩን ላቆም ስል

ደብዳቤው የደረሰን ዓርብ ከሰዓት ነው። አከራያችን የጣሪያውን ጥገና ግማሽ ወጪ እንድንከፍል፣ ካልከፈልን ቢሮውን በ30 ቀን እንድንለቅ ይጠይቃል። ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ባልዲ ስንደረድር የከረምነው እኛ ነን። ደሜ ፈላ።

የቢሮው ኃላፊ ስለነበርኩ የዚህን ወር ኪራይ አንከፍልም አልኩ። የሒሳብ ሠራተኛችን ግን እሺ አላለችም። «እስካሁን ጥፋተኛው እሱ ነው። ኪራይ ካቆምክ ግን አንተም ጥፋተኛ ትሆናለህ» አለችኝ። ልክ ነበረች።

ውሉን አወጣሁት። ከፈረምኩት ወዲህ ገልጬው አላውቅም። ጣሪያ፣ ግድግዳና መሠረት የአከራዩ፣ የውስጥ ጥገና የእኛ ነው ይላል። ታዲያ ጠበቃ ለምን? ክርክሩን ሙሉ በሙሉ ለጠበቃ ብንሰጥ ክፍያው ከተጠየቅነው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። የልቀቁ ማስፈራሪያው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ምክር ብቻ ልግዛ አልኩ። ውሉን፣ ደብዳቤውን፣ የርክክብ ሰነዱን፣ የኪራይ ደረሰኞቹንና የፍሳሹን ፎቶዎች በቀን ቅደም ተከተል አስተካክዬ ሄድኩ። የምከፍለው በሰዓት ነውና ጊዜው ወረቀት በመፈለግ ማለቅ የለበትም።

ጠበቃዋ የጣሪያውን አንቀጽ በጨረፍታ አይታ ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች አለፈች። ተቃውሞ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልቀረበ ጥያቄው እንደ ተቀበልነው ይቆጠራል የሚል አንቀጽ አለ። እኔ ስናደድ 9 ቀን አልፏል። ቀጥላ ፊርማዬን አሳየችኝ። በድርጅቱ ስም ብቻ የፈረምኩ መስሎኝ ነበር። ለካ በግሌም ዋስ ሆኛለሁ! ድርጅቱ መክፈል ቢያቅተው ዕዳው ወደ እኔ ይመጣል። ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

«ስለ ፍሳሹ በጽሑፍ ነግራችሁታል?» ስትለኝ ደግሞ ተጨነቅኩ። ብዙውን የነገርነው በስልክ ነው። ደግነቱ አንድ ባልደረባዬ ከወራት በፊት ከፎቶ ጋር የላከችው ኢሜይል ተገኘ።

የተቃውሞ ደብዳቤውን ራሳችን ጻፍን፣ ጠበቃዋ አረመችው። በ12ኛው ቀን ለአከራዩ ሰጥተን ቅጂው ላይ አስፈረምን። ኪራዩንም በቀኑ ከፈልን። ክፍያው የጥገናውን ዕዳ መቀበላችን እንዳልሆነም ጻፍንበት።

አከራዩ በሳምንቱ ደወለ። ተቀምጠን ተነጋገርን። ጣሪያውን እሱ ሊያሠራ፣ እኛም ለተበላሹት ዕቃዎች ካሳ ላንጠይቅ ተስማማን። ይህንንም በጽሑፍ አደረግነው። የዋስትና ፊርማዬ ግን እስከ ውሉ ማብቂያ ይቆያል። ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ሲመጣ መጀመሪያ የማነሳው የዋስትናውን ጉዳይ ነው።