ችግኝ የሚሞተው በጥር ነው፦ የሰፈር መናፈሻ ለሚንከባከቡ

የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በሐምሌ ችግኝ የሚተክል ሰው አይጠፋም። ዝናቡም ያግዛል፣ ፎቶውም ያምራል። ሰው የሚጠፋው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ዝናቡ ከቆመበት እስከ በልግ ያሉት አምስት ወራት ገደማ የሰፈሩን መናፈሻ ያኖሩታል ወይም ይገድሉታል። አርባ ሰው ለአንድ ቀን ከምታገኙ ስምንት ሰው ለአንድ ዓመት ብታገኙ ይሻላል።

ሥራው የሚጀምረው በግንቦት፣ በጉድጓድ ነው። ከዚያ በፊት ግን ወረዳው ዘንድ ሄዶ ፈቃድ መያዝ፣ የውሃ ቧንቧና ኬብል በየት በኩል እንደሚያልፍም መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀና ብሎ የመብራት መስመሩን ማየትም አይረሳ፤ ዝግባና ግራቪሊያ ከሽቦ ሥር ተተክለው ሲያድጉ አናታቸው ይቆረጣል። ጉድጓዱ 40 ሳ.ሜ. ጥልቀት፣ 40 ሳ.ሜ. ስፋት ይኑረው። የላይኛው አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛው በሌላ በኩል ይከመር፤ ሲተከል የላይኛው ቀድሞ ወደ ሥሩ ይገባል።

ይህ ለቀይ አፈር ነው። ዋልካ ላይ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይቋጥርና ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። እዚያ አፈሩን ከመሬቱ 20 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ አድርጎ መቆለልና ቁልሉ ላይ መትከል፣ ከጎኑም ውሃው የሚወጣበት ትንሽ ቦይ መቅደድ ያዋጣል።

በተከላ ቀን በጣም የሚበዛው ጥፋት ላስቲኩ ነው። ችግኙን ከነላስቲኩ የሚቀብር ሰው ዛሬም አለ። ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቀዶ ማውጣት፣ ከታች የተጠመጠመ ሥር ካለ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል መቁረጥ። ችግኙ በላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበር። አፈሩ በእግር ጠበቅ ተደርጎ ይረገጥ፤ ውስጡ ክፍተት ከቀረ ሥሩ ይደርቃል። ላስቲኮቹንም ቆጥራችሁ ሰብስቡ፤ 60 ችግኝ ከተተከለ 60 ላስቲክ መገኘት አለበት። ካነሰ የሆነ ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

ወደ በጋው እንምጣ። በየቀኑ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ ድካም ነው፤ ውሃው የላዩን አፈር ብቻ አርሶ ይተናል፣ ሥሩም ወደ ታች መውረዱን ትቶ ላይ ላዩን ይሄዳል። በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ሊትር፣ ማለትም ግማሽ ጀሪካን፣ በቀስታ ማጠጣት ይበልጣል። ለ60 ችግኝ 600 ሊትር ወይም 30 ጀሪካን ነው። ስምንት ሰው ሁለት ሁለት ጀሪካን ይዞ ሁለት ቢመላለስ ይሸፈናል። ይህን ሒሳብ ከተከላው በፊት ሥሩት፤ ውሃ የማታደርሱለትን ችግኝ አትትከሉ። ከወንዝ መቅዳት ቀላል ይመስላል፣ ግን በከተማው ወንዞች ፍሳሽ ስለሚገባ ለሚቀዳው ሰው ጤና አይሆንም።

ውሃ ሩቅ ከሆነ ባዶ ሃይላንድ ይጠቅማል። የሁለት ሊትሩን ክዳን በምስማር ሁለት ቦታ መብሳት፣ ቂጡን መቁረጥ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ በአፉ ደፍቶ ግማሹን መቅበር። ውሃው ቀስ እያለ ሥሩ ዘንድ ይወርዳል። ቀዳዳው በጭቃ ከተደፈነ ክዳኑን በጨርቅ መጠቅለል ነው።

በችግኙ ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ከሣር የጸዳ ይሁን፤ ሰርዶ ውሃውን ቀድሞ ይጠጣል። በጸዳው ላይ የታጨደ ሣር ወይም ቅጠል እስከ 10 ሳ.ሜ. ይነስነስ፣ ግንዱን ግን አይንካ፤ ከነካ ልጡ ይበሰብሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለኮምፖስት አይሆንም፣ ቶሎ አይበሰብስም። ግንድ ኖራ መቀባት ለዓይን ካልሆነ ብዙም አይረባም፤ ብሩን ለጓንት አውሉት፤ በሰፈር መናፈሻ ሣር ውስጥ ስባሪ ጠርሙስና ምላጭ አይታጣም።

ፍየልና በግ በሚያልፍበት ቦታ የእሾህ አጥር ከሽቦ ይሻላል፤ ሽቦው ይሰረቃል። ሰው የሚያቋርጥበትን መንገድ ግን በእሾህ አትዝጉት። ሦስት ቀን ያህል ይዞርና በአራተኛው አጥሩን ይጥሳል። እዚያው ላይ ድንጋይ አንጥፋችሁ መንገድ አድርጉለት።

ተራውን ለማከፋፈል አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም። ዕድሩ የሰዎቹን ስም መዝግቦ ይዟል፣ በስብሰባ ማስነገርም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ዶማና አካፋም አያጣም። ለያንዳንዱ ሰው በስሙ የተመዘገበ ሰባት ስምንት ችግኝ ይሰጠው። «የሁላችን» የተባለ ችግኝ ውሃ አያገኝም።

በጥር ቅጠሉን ያረገፈ ዋንዛ ሞቷል ብላችሁ አትንቀሉት፤ በበጋ ቅጠሉን የማርገፍ ጠባይ አለው። ልጡን በጥፍር ፋቅ አድርጉ፦ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች እየወረዳችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። እስከ ሥሩ ድረስ ደረቅ የሆነውን ግን ቆፍራችሁ አውጡና ሥሩን ተመልከቱ። እንደ ሽቦ ተጠምጥሞ ከቀረ ላስቲኩ ወይም ያልተቆረጠው ሥር ነው። ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ ውሃ ተኝቶበታል፣ በሚቀጥለው ዓመት ቦታው በቁልል ይተከል። ሥሩ ጤነኛ ሆኖ የደረቀ ከሆነ ግን ውሃ አጥቶ ነው፤ መዝገቡን ገልጣችሁ ተረኛው ማን እንደነበር እዩ።