ባንኩ ይከፍለዋል የተባለው ቢል

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ የታክስ ቢሮ። ጊዜው የማርች አጋማሽ ነው፤ ወንበር ጠፍቶ ሰው ቆሞ ተራ ይጠብቃል። በኦክቶበር አዲስ የተሠራ ቤት የገዙ ባልና ሚስት ታክሳቸውን አሠርተው ሊወጡ ሲሉ ባልየው ከኮታቸው ኪስ አንድ ፖስታ አወጡ። «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ከካውንቲው መጣ፤ ምንድን ነው?»

ወጣቱ ሠራተኛ ፖስታውን አልከፈተውም። ፊቱ ያለውን የሞርጌጅ ወረቀት ሲያይ «ኤስክሮ» የሚል መስመር አለበት፤ ባንኩ የቤት ግብሩን ከወርሃዊው ክፍያ ጋር እየሰበሰበ የሚያስቀምጥበት ሂሳብ ማለት ነው። «ጋሼ፣ የቤት ግብር ነው። ባንኩ ይከፍለዋል፤ አያስቡ» አላቸው።

ኖቬምበር ላይ ሁለቱም በድንጋጤ ተመለሱ። የሚስትየው ቦርሳ ደብዳቤ በደብዳቤ ሆኗል። ከባንኩ የመጣው፣ በየወሩ 3,281.50 ዶላር የነበረው ክፍያ ከጃንዩወሪ ጀምሮ 4,072.13 ዶላር ይሆናል ይላል። ወለዱ ቋሚ ነው ተብለው ነው የተፈራረሙት፤ ስለዚህ የተታለሉ መሰላቸው።

ወለዱ አልተነካም። የተቀየረው ግብሩ ነው፤ መነሻውም ቤቱ አዲስ መሆኑ ነው። የሜሪላንድ የግብር ዓመት ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ነው። ቤቱን በገዙበት ዓመት የጁላይ ቢል ሲወጣ ቤቱ ገና አላለቀም፤ ግብር የተጣለው በመሬቱ ላይ ብቻ ነበር። የመሬቱ ግምት 150,000 ዶላር ነው። የስቴቱ ድርሻ ከ100 ዶላር 11.2 ሳንቲም ሲሆን ዋናው የካውንቲው ነው፤ ለስሌት እንዲመች ሁሉንም አንድ ላይ ከ100 ዶላር 1.10 ዶላር እንያዘው። የዓመቱ ግብር 1,650፣ የወሩ 137.50 ዶላር ይመጣል። ባንኩ ኤስክሮውን የሠራው በዚህ ነው። ቤቱ አልቆ ሲገመት ግን ጠቅላላው 600,000 ዶላር ሆነ፤ ግብሩም በዓመት 6,600፣ በወር 550።

በዚህ መሀል ነው ያ ፖስታ የመጣው። አዲስ ቤት ሲያልቅ ሜሪላንድ የሚቀጥለውን ጁላይ አትጠብቅም። ቤቱ ከጃንዩወሪ 1 ጀምሮ መዝገብ ላይ ከገባ ለቀሪው ስድስት ወር የግማሽ ዓመት ቢል ይላካል። የቤቱ ብቻ ግምት 450,000 ነው፤ የዓመቱ ግብር 4,950፣ ግማሹ 2,475 ዶላር። ይህ ቢል ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ እንጂ ለባንኩ አይደርስም፤ ባንኩ በራሱ የሚከታተለው የጁላዩን ነው። ለባንኩ ካልተላለፈለት ወይም ባለቤቱ ራሱ ካልከፈለ ተቀምጦ ወለድና ቅጣት ይወልዳል። በዚያው ከቆየ ደግሞ ካውንቲው ዕዳውን በጨረታ ይሸጠዋል፤ ይሄ ሰው ቤቱን እስከማጣት የሚያደርስ ነገር ነው።

የቢሮው ኃላፊ መጀመሪያ ያደረገችው ባንክ መደወል አልነበረም። የካውንቲውን የግብር ገጽ ከፍታ የቤቱን አካውንት ቁጥር አስገባች። ሁለት መስመር ወጣ፦ የዓመቱ ቢል የመጀመሪያ አጋማሽ ተከፍሏል፤ የግማሽ ዓመቱ ቢል ከነወለዱ አልተከፈለም። ወጣቱ ሠራተኛ ከጀርባዋ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ፖስታውን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ» አለ። ዕዳው በዚያው ቀን ተከፈለ። ደረሰኙን አትመው ሰጧቸው።

ከዚያ ወደ ባንኩ ደብዳቤ ዞሩ። ጭማሪው 790.63 ዶላር ነው፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ግን አንድ ላይ ተደምረዋል። 412.50 የአዲሱና የአሮጌው ወርሃዊ ግብር ልዩነት ነው፤ ይሄ ይቀጥላል። ቀሪው 378.13 የጎደለው ማሟያ ነው። በክሎዚንግ (የቤቱ ግዢ ተፈርሞ በተጠናቀቀበት) ጊዜ 275 ዶላር ኤስክሮ ውስጥ ገብቷል፤ ከዲሴምበር እስከ ቀጣዩ ዲሴምበር 13 ጊዜ 137.50 ተከፍሏል፤ ድምሩ 2,062.50። ለግብር የሚወጣው ደግሞ በሁለት ተከፍሎ እስከ ሴፕቴምበር 30 አንድ 3,300፣ እስከ ዲሴምበር 31 ሌላ 3,300። ጉድለቱ 4,537.50፣ ለ12 ወር ሲካፈል 378.13 ይሆናል። ባንኩ ከዚህ ሌላ እስከ ሁለት ወር የሚደርስ መጠባበቂያ መያዝም ይፈቀድለታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጉድለቱን በአንድ ጊዜ ብከፍል ክፍያዬ ወደ ድሮው ይመለሳል ብሎ ከዘመድ ይበደራል። አይመለስም፤ የ412.50 ጭማሪው ስለሚቀጥል የእነዚህ ባልና ሚስት 3,694 ዶላር ላይ ይቆማል። ባልና ሚስቱ ይሄን ሲረዱ በ12 ወር ለመክፈል መረጡ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ኃላፊዋ ኤስዳት በሚባለው የስቴቱ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ቤቱን ስትፈልግ፣ ከታች በኩል የሆምስቴድ ማመልከቻ አልቀረበም የሚል አገኘች። ሆምስቴድ አሁን ያለውን ግብር አይቀንስም፤ ግብር የሚታሰብበት ግምት በዓመት ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳያድግ ያግዳል። የስቴቱ ጣሪያ 10 በመቶ ሲሆን እያንዳንዱ ካውንቲ ከዚያ ያልበለጠ የራሱን ይወስናል። በተገዛ ማግስት አይሠራም፤ የሚመለከተውም የሚኖሩበትን ቤት ብቻ ነው። ማመልከቻው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞላው፤ ክፍያ የለውም። እዚያው ወንበር ላይ ተሞላ።

አሁን በዚያ ቢሮ ቤት የገዛ ደንበኛ ሲመጣ የሞርጌጅ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ቤቱ አዲስ ነው ወይስ ሰው የኖረበት? ኤስክሮው የተሰላው በመሬቱ ነው ወይስ ባለቀው ቤት? የግማሽ ዓመት ቢል መጥቷል? እየተባለ ይጠየቃል፤ ፖስታም ካለ እዚያው ይከፈታል። አዲስ ቤት ሆኖ ኤስክሮው በመሬት ከተሰላ፣ ልዩነቱን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ለብቻ እንዲያስቀምጡ ይነገራቸዋል። ለፌዴራል ታክስ ሲመዘገብም የሚቆጠረው ኤስክሮ ውስጥ የገባው ሳይሆን በዓመቱ ውስጥ በእርግጥ ለካውንቲው የተከፈለው ነው። ባልና ሚስቱ በኖቬምበር የከፈሉት 2,475 ዶላር በባንኩ ዓመታዊ ወረቀት ላይ ስለማይገኝ ደረሰኙ ፋይላቸው ውስጥ ተያይዟል፤ ወለድና ቅጣቱ ግን እንደ ግብር አይቆጠርም።