ፓቱላን ለጣውላ፦ ደሴ ዳገት ላይ የሠራሁት ጥናት

ደሴ ውስጥ የፈለጋችሁት እንጨት ሥራ ቤት ገብታችሁ ፓቱላ የሚባለውን የፓይን ዛፍ ጣውላ ጠይቁ። መልሱ ያው ነው። «እሱ ለኮርኒስ ሞራሌ ነው እንጂ ለዕቃ አይሆንም።» ለበር ከሆነ ዋንዛ ይሏችኋል። ዋንዛ ከጠፋ የፈረንጅ ጥድ። እሱም ከጠፋ ኤምዲኤፍ፣ ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው። እኔ ደግሞ ያደግሁት ፓቱላ በተተከለበት ዳገት ሥር ስለሆነ ይህ መልስ ሁሌም ቅር ይለኝ ነበር። ኒውዚላንድና ቺሊ የፓቱላ ዘመድ በሆነው በራዲያታ ጣውላ ከዓለም ጋር ይነግዳሉ። እኛ ጋ ሲሆን ምን ነካው? የሁለተኛ ዲግሪ ጥናትህን ርዕስ ምረጥ ስባል ብዙ አላሰብኩም። ጥፋቱ የዛፉ ነው ወይስ የአስተዳደጉ?

መጀመሪያ የሄድኩት ጫካ አይደለም፤ አናጺዎች ጋ ነው። ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምር ሰው ዛሬም የምመክረው ይህንን ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠራ አንድ አናጺ ከእኔ ጋር መከራከር አልፈለገም። ከጥግ አንድ የፓቱላ ጣውላ መዘዘና ወደ በሩ ብርሃን አነሳው። ጣውላው ተበሳስቷል፤ ፀሐይዋ በቀዳዳዎቹ ታልፋለች። ጉጦቹ ደርቀው ወድቀው ነው። «በል እንግዲህ ይኼን ለማን በር አድርጌ ልሽጠው?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ግን ቀዳዳው የተሠራው መጋዝ ቤት አይደለም። ፓቱላ ተጠጋግቶ ሲያድግ ታችኛው ቅርንጫፍ ብርሃን ያጣና ይሞታል። ይሞታል እንጂ ቶሎ አይወድቅም። ግንዱ እየወፈረ ሲሄድ የሞተውን ቅርንጫፍ በውስጡ ይቀብረዋል፤ ነገር ግን አብሮት አያድግም። ጣውላ ሆኖ ሲደርቅ ያ ጉጥ ይላቀቃል። በሕይወት ያለ ቅርንጫፍ ግን ከግንዱ ጋር ተሳስሮ ስለሚያድግ ጉጡ ጣውላው ውስጥ ጠበቅ ብሎ ይቀራል። የአናጺው ቀዳዳ እንግዲህ ከስንት ዓመት በፊት፣ ማንም ዞር ብሎ ባላየው ጫካ ውስጥ የተፈጠረ ነው።

ለምን ማንም አላየውም? በወሎ ተራሮች ላይ ዛፍ የተተከለው ለጣውላ ተብሎ አልነበረም። ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ በምግብ ለሥራ ብዙ ዳገት ለብሷል። ዓላማው አፈሩን ማዳን ነበር። በ1983 መንግሥት ሲቀየር ደግሞ ብዙው ደን ተጨፈጨፈ። ይህን ያየ ሰው ደን ሲባል ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያስበው፤ መትከልና መጠበቅ። መሐል ላይ ሥራ አለ ቢሉት አያምንም። ባሕር ዛፍም አስለምዶናል። ባሕር ዛፍ ቆርጠህ አጠናውን ትሸጣለህ፣ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ፓቱላ አንዴ ከተቆረጠ አበቃ። ከሥሩ አያቆጠቁጥም።

ሜዳ ከመውጣቴ በፊት ሌሎች የሠሩትን አነበብኩ። በደቡብ አፍሪካ ኦኮነር የተባለ የደን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀመረው ሙከራ ጥያቄዬን ያነሳው ከእኔ በጣም ቀድሞ ነው። በሄክታር ከ2965 ዛፍ አንስቶ እስከ 124 ድረስ እያሳሱ፣ ማለትም የተወሰነውን ቆርጠው ለቀረው ቦታ እየሰጡ፣ ጎን ለጎን አሳደጓቸው። ክሬብ የተባለውም የዚያው አገር ባለሙያ በዚያው ዘመን «ቶሎና በብዛት አሳሱ» እያለ ይሟገት ነበር። ከስዋዚላንድ (ከዛሬዋ ኤስዋቲኒ) የኡሱቱ ደን ደግሞ ሌላ ስጋቴን የሚያቀልልኝ ነገር አገኘሁ። ጁሊያን ኢቫንስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ እዚያ ፓቱላን ተከታትሎ ለካ። እዚያው መሬት ላይ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ የተተከለው ከመጀመሪያው አላነሰም። «ፓይን መሬት ይገድላል» የሚለው ወሬ ቢያንስ እንደዚያ በተያዘ ደን ላይ አልሠራም ማለት ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች የተማርኩት ዋናው ነገር አንድ ነው። የዛፍ ቁመት በአብዛኛው የመሬቱ ጉዳይ ነው፤ ውፍረቱ ግን የቦታ ጉዳይ ነው። አሳሳኸውም አላሳሳኸውም ቁመቱ ብዙ አይለወጥም። ውፍረቱ ላይ ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው አንድ ዛፍ በወርድ የሚይዘው ስፋት 15 ሳንቲ ሜትር ካላቸው አራት ዛፎች ጋር እኩል ነው። እንጨቱ ያው ይመስላል። ከአራቱ ቀጫጭኖች ግን 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ብትለምን አታገኝም።

ቦታዬን ያገኘሁት ከቦሩ ሜዳ ወዲያ ነው። የአንድ ማኅበር ወጣት ፓቱላ ነበር፤ በ2 ሜትር በ2 ሜትር የተተከለ። በሄክታር 2500 ማለት ነው። ጫፎቹ ተገናኝተዋል፤ ከሥር ቅርንጫፉ መድረቅ ጀምሯል። ለሥራዬ ትክክለኛው ጊዜ ነበር። ቢዘገይ ኖሮ አልነካውም ነበር። ረዥምና ቀጭን ሆኖ ያደገ ደን በአንዴ ሲከፈት የመጀመሪያው ኃይለኛ ንፋስ ያጋድመዋል።

ከዛፉ ይልቅ ሰዎቹ ከበዱኝ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ጥናቴን ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ትከሉ ስትሉን ተከልን። አሁን ደግሞ ቁረጡ? ነገ አንዱ መጥቶ ማን ቆረጠው ሲል አንተን የት አገኝሃለሁ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ግማሹ ካልወጣ የቀረው አይወፍርም» አልኳቸው። አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው አልጣማቸውም። ያግባባን ማሽላ ነው። ቆላ ወርደው ያርሱ እንደነበር አውቃለሁ። ማሽላው ጉልበት ላይ ሲደርስ በሬ ጠምደው መሐሉ የሚገቡት ለምንድነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «ሽልሻሎ በለኛ! ምን ታደርቀኛለህ!» የበዛውን ማሽላ በማረሻ ማሳሳት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ፣ ግን በሳቅ ብቻ አልተውኩትም። ከሚመለከተው ቢሮ የጽሑፍ ፈቃድ አወጣንና አንዱ ቅጂ እሳቸው እጅ ገባ። የሚወጣው እንጨት በሙሉ የአባላቱ እንዲሆን ተስማማን። ወፈር ያለው ለአጠና፣ ጭራሮው ለማገዶ። እኔ የምወስደው ለናሙና የሚቆረጠውን ብቻ ነው። «አብሽር» አሉኝ መጨረሻ ላይ። ወሎ ውስጥ ይህን ካገኘህ ሥራው ተጀምሯል።

የሙከራ ቦታዎቹን 20 ሜትር በ20 ሜትር አደረግኳቸው። ዳገት ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ሜትሩን መሬት ለመሬት ከዘረጋኸው ቦታው ያንሳል። ካርታ ላይ የሚቆጠረው አግድም ርቀቱ ነው። 30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 20 ሜትር ለማግኘት 23 ሜትር ከምናምን መዘርጋት አለብህ። በየአንዳንዱ ቦታ 100 ያህል ዛፍ ነበር። አንዱን ሳልነካ ተውኩት። አንዱን ወደ 60፣ አንዱን ወደ 40 አወረድኩት። በሄክታር 1500 እና 1000 ማለት ነው። ይህንኑ ከጫፍ፣ ከመሐልና ከግርጌ ደጋገምኩት፤ የዳገቱ አፈር ከላይ ስስ፣ ከታች ወፍራም ስለሆነ።

ውፍረት የሚለካው 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከዳገቱ በላይኛው ጎን ቆሞ ነው። የተለካበትን ቦታ በቀለም ቀለበት አደረግኩበት፤ በዓመቱም ውፍረት መለኪያው ካሊፐር እዚያው እንዲያርፍ። የቆርቆሮ ቁጥር ለጥፍ ያሉኝ ነበሩ። ቆርቆሮ ጫካ ውስጥ አያድርም።

የሚወጣውን መምረጥ ትልቁ ክርክር ነበር። አባላቱ ቀጫጭኑን እናውጣ ይላሉ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የማየው ሁለት ጫፍ ያወጣውንና የጎበጠውን ነው። አንዳንዴ ከሁሉም ወፍራሙ እሱ ይሆናል። ወፍራም ጠማማ ዛፍ የሁለት ቀጥ ያሉ ጎረቤቶቹን ብርሃን ይበላል፤ መጨረሻ ላይ የሚሰጥህም ማገዶ ነው። ምልክቱን አብረን አደረግን። እኔ ብቻዬን ምልክት አድርጌ ብሄድ ኖሮ አንዱም አይቆረጥም ነበር፤ ወይም ሁሉም ይቆረጥ ነበር።

ከዚያ ምልመላ፣ ማለትም የታችኛውን ቅርንጫፍ መቁረጥ። በገጀራ መመልመል ልማድ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ለጣውላ ግን ጠላት ነው። ቅርፊት ይገነጥላል ወይም የተሰበረ ጉማጅ ይተዋል። እኛ በእጅ መጋዝ ሠራን። ግንዱን ሳንነካ፣ ቅርንጫፉ ሲነሳ ያለችውን እብጠት ትተን፣ ከእሷ ውጭ ቆረጥን። በመጀመሪያው ዙር ከቁመቱ ታችኛው ሲሶ። ከግማሽ በላይ ካወጣህበት ምግቡን የሚሠራበት ቅጠል ያጥረውና ዕድገቱ ይቀንሳል። በኋላ መጋዙን ረዥም እንጨት ላይ አስረህ እስከ 5 ወይም 6 ሜትር ትወጣለህ። ከዚያ በላይ ድካሙ አያዋጣም፤ ገንዘቡ ያለው የታችኛው ግንድ ላይ ነው። ሁሉንም መመልመልም ብክነት ነው። እስከ መጨረሻ የሚቆዩትን ብቻ። የወደቀው ቅርንጫፍ ሙጫ ስላለው እሳት ይወዳል፤ በጋ ሳይጠና ለማገዶ መወሰዱ ሁላችንንም ጠቀመ።

ማዳበሪያስ? ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ምስራቅ ሎብሎሊ ለሚባለው ፓይን መሐል ዕድሜው ላይ በሄክታር 225 ኪሎ ናይትሮጅንና 28 ኪሎ ፎስፈረስ መስጠት የተለመደ ነው። ለእኛ ገበሬ ማዳበሪያ ለጤፉም አልበቃ። አልሞከርኩትም፤ ብሞክረውም ማንም አይከተለኝም። ከማዳበሪያ በፊት በነፃ የሚገኝ ነገር አለ። ፓይን ሥሩ ላይ የሚኖር ፈንገስ ካላገኘ ቢጫ ሆኖ ይጫጫል። አዲስ ችግኝ ጣቢያ የሚከፍት ሰው ከድሮ ፓይን ሥር አንድ ሁለት ጆንያ አፈር አምጥቶ ከችግኙ አፈር ጋር ይደባልቅ። ይኼው ነው።

የክረምቱ ዝናብ አልፎ ስንለካ በተሳሳው ቦታ ያለው ዛፍ ሲወፍር ካልተነካው ጋር ያለው ልዩነት በዓይን ይታይ ነበር። ሰብሳቢው ካሊፐሩን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ለኩ። የዕድገት ቀለበት ቆጥሮ ዕድሜ ለማወቅ የሚሞክር ግን ይጠንቀቅ። እኛ ጋ በልግም ክረምትም አለ። ዛፉ በበልግ ትንሽ አድጎ፣ ቆም ብሎ፣ እንደገና ሲነሳ የአንድ ዓመቱ ሥራ ሁለት ቀለበት ሊመስል ይችላል።

ጥናቱ ጫካ ውስጥ ቢያልቅ ኖሮ ግማሽ ነበር። ግንዶቹን አይሱዙ ላይ ጭነን በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፤ የሚያውቀኝ መሰንጠቂያ እዚያ ነው። የቆረጥነው በበጋ ነው። እርጥበት ባለበት ጊዜ ተቆርጦ የሚከርም የፓይን ግንድ ፈንገስ ገብቶበት ሰማያዊ ይሆናል። ጥንካሬውን ብዙ አይጎዳውም፤ ገዢውን ግን ያባርራል። ሙጫው ምላጩ ላይ ይጋገራል፤ ሠራተኞቹ በነጭ ጋዝ እየወለወሉ ቀጠሉ። ሲሰነጠቅ ሽታው ቤቱን ሞላው።

ከተመለመሉት ዛፎች አንዱን ለናሙና ቆርጠን ነበር። በተመለመለው ቅርንጫፍ ላይ በቁመቱ አስከፈትኩት። ጉጡ ከመሐል ተነስቶ ይመጣና መጋዛችን ያረፈበት ቦታ ላይ ቀጥ ይላል። ከዚያ ጥቁር መስመር፣ ጠባሳው። ከጠባሳው ወዲህ ጣት የማይሞላ ንጹሕ እንጨት፤ ነጭ፣ መስመሩ የማይዛባ። ያንን ቁራጭ ደሴ ወስጄ ለአናጺው ሰጠሁት። አገላበጠው፣ በመላጊያ አንድ ጊዜ ዳበሰው። «ይኼ ወፍሮ ይምጣና እናወራለን» አለ።

እሱ ያለው «ወፍሮ» ግን ወጥመድ አለበት። አሳስተህ ቶሎ ያወፈርከውን ዛፍ ቶሎ ቆርጠህ ለመሸጥ ያምርሃል። በማዕከሉ ዙሪያ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ገደማ የተሠራው እንጨት ቀላልና ደካማ ነው፤ ሲደርቅ በቁመቱም ስለሚኮማተር ጣውላውን ያጣምመዋል። ቶሎ የቆረጥከው ወፍራም ግንድ አብዛኛው ይኼው ነው። ኒውዚላንዶች ራዲያታን ከ25 እስከ 30 ዓመት የሚያቆዩት በዋዛ አይደለም። ጣውላው ከወጣ በኋላም ቢሆን ፀሐይ ላይ መጣል የለም። ጥላ ሥር፣ በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ፣ ከላይ ክብደት ተጭኖ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

መሰንጠቂያው ቤት ያዩት የኮምቦልቻ ሰዎች እኛም ሜዳችን ላይ እንትከል ወይ ብለውኛል። አይሆንም ነው ያልኳቸው። ፓቱላ የሜክሲኮ ደጋ ዛፍ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከእሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ይሞቃታል። ወደ የጎፍ ተራራ ከፍታ መሬት ያለው ሰው ይሞክር። የሚሞክርም ከሆነ በ3 ሜትር በ3 ሜትር ቢተክል ይሻለዋል፤ በሄክታር 1111 ይሆናል፣ በኋላ የሚወጣውም ያንሳል። ቅርንጫፉ ግን ስለሚወፍር ምልመላውን ሳያዘገይ።

የቦሩ ሜዳው ማኅበር ቅርንጫፎቹ እንደገና ሲገናኙ ሁለተኛውን ማሳሳት ያደርጋል። በዚህኛው የሚወጣው አጠና ብቻ ሳይሆን ሞራሌም ይሆናል፤ ዋጋውንም አባላቱ ከወዲሁ እየጠየቁ ነው። ምልክቱን የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የእኔ ሥራ መለካት ነው።